የሰማዩ ደርቦችና ርክክቡ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ! የሥራ ቀናችሁን ጨርሳችሁ፣ ድካማችሁን ችላችሁ ለመስማት ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «የአየር ትራፊክ ቁጥጥር ሰማዩን በከፍታ እንዴት ይከፍለዋል?» የሚል ነው። ለጆሮ ቀላል ይመስላል፦ አንዱ የታችኛውን ይያዝ፣ ሌላው የመካከለኛውን፣ ሦስተኛው የላይኛውን፤ አለቀ። እኔ ግን ዛሬ ማሳየት የምፈልገው መክፈሉ የሥራው ቀላሉ ክፍል መሆኑን ነው። ከባዱ ወሰኑ ነው። አንድ አውሮፕላን ከአንዱ ተቆጣጣሪ እጅ ወጥቶ ሌላው እጅ ውስጥ የሚገባባት ደቂቃ ናት ከባዷ። ይህቺን ደቂቃ ያዙልኝ፤ እየደጋገምን እንመለስባታለን።

ንግግሬ አራት ነጥብ አለው። መጀመሪያ ከፍታ ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ፣ ቀጥሎ ለምን በከፍታ እንደምንከፍል፣ ከዚያ የት ላይ እንደምንቆርጥ፣ በመጨረሻ ርክክቡ እንዴት እንደሚካሄድና የት ላይ እንደሚበላሽ። አራተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ከአሁኑ እንድታውቁት ብዬ ነው።

አንደኛው ነጥብ፦ ከፍታ ምንድን ነው?

አንድ አውሮፕላን 35 ሺህ ጫማ ላይ ነው ሲባል ከምን ጀምሮ ተለክቶ ነው? ከመሬት ነው? ከባሕር ወለል ነው? ከሁለቱም አይደለም። አልቲሜትር የምንለው መሣሪያ ርቀት አይለካም፤ የአየር ግፊት ነው የሚለካው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከላያችን የቀረው አየር እያነሰ፣ ግፊቱም እየቀነሰ ይሄዳል። መሣሪያው ያንን ቅናሽ ወደ ጫማ መንዝሮ ያሳያል።

ግፊት ደግሞ ከቦታ ቦታ፣ ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣል። ስለዚህ አልቲሜትሩ ከየትኛው ግፊት ተነስቶ እንደሚቆጥር ሊነገረው ይገባል። አብራሪው ወደ ማረፊያው ሲቃረብ የአካባቢውን የዕለቱን ግፊት ከተቆጣጣሪው ተቀብሎ ይሞላል፤ ያኔ መሣሪያው ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ ይነግረዋል። ተራራውም ማኮብኮቢያውም በካርታ ላይ የተጻፉት በዚሁ ልክ ነው። ከፍ ካለ በኋላ ግን ሁሉም አውሮፕላን፣ ከየትም ይነሳ ወዴትም ይሂድ፣ አንድ ቁጥር ላይ ያደርገዋል፦ 1013.25 ሄክቶፓስካል፤ ሄክቶፓስካል የአየር ግፊት መለኪያ ነው። በዚህ ሚዛን የተለካው ከፍታ ፍላይት ሌቭል ይባላል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዜሮዎች ይጣላሉ። 35 ሺህ ጫማ ሌቭል 350 ይሆናል ማለት ነው።

ልብ በሉ! የዕለቱ ግፊት ከ1013.25 የተለየ ከሆነ ሌቭል 350 ላይ ያለው አውሮፕላን ከባሕር ወለል በላይ በትክክል 35 ሺህ ጫማ ላይ አይደለም። በብዙ መቶ ጫማ ሊለይ ይችላል። ይህ አያስፈራም? አያስፈራም። ከላዩ ያለውም ከታቹ ያለውም በዚያው መጠን ስተዋልና! ሁሉም እኩል ከሳተ በመካከላቸው ያለው ክፍተት አይነካም። አውሮፕላንን ከአውሮፕላን ለመለየት የሚያስፈልገው ደግሞ ክፍተቱ ነው።

የሚያስፈራው አንዱ በአንድ ሚዛን፣ ሌላው በሌላ ሚዛን ሲለካ ነው። ከባሕር ወለል አካባቢ የ1 ሄክቶፓስካል ልዩነት 27 ጫማ ያህል ነው። የአካባቢው ግፊት 1003 ሆኖ ሳለ አብራሪው 1013 ላይ እንደነበረ ረስቶት ቢወርድ፣ መሣሪያው 5,000 ጫማ ሲያሳየው እሱ ያለው 4,730 አካባቢ ነው። ሁለት አውሮፕላኖችን የምንለየው በ1,000 ጫማ ነው፤ ከዚያ ላይ ከሩብ የሚበልጠው ሳይታወቅ ተበላ ማለት ነው።

ከአንዱ ሚዛን ወደ ሌላው የሚቀየርበት ከፍታ እንደየአገሩ ይለያያል፤ በአሜሪካ በሙሉ 18 ሺህ ጫማ ነው፣ በሌላው ዓለም ተራራው ዝቅ ያለበት ዝቅ ይላል። ወደ ላይ የሚወጣው የሚቀይርበት ከፍታና ወደ ታች የሚወርደው የሚቀይርበት ሌቭል አንድ አይደሉም። በመካከላቸው ስስ ሽፋን አለ፤ እዚያ ሽፋን ውስጥ ማንም ተረጋግቶ እንዲበር አይፈቀድም፣ ያልፍበታል እንጂ። የሰማዩ የመጀመሪያው ወሰን ይኸው ነው። ደንቡንም ከአሁኑ ታዩታላችሁ፦ ወሰን ላይ አይቆምም።

ተቆጣጣሪው ስክሪን ላይ የሚያየው ከፍታ ከየት ይመጣል? አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ትራንስፖንደር የሚባል የሬዲዮ መሣሪያ ይልከዋል። ትራንስፖንደሩ አብራሪው ምንም ቢሞላ ሁልጊዜ የሚልከው በ1013.25 የተለካውን ነው፤ ለታችኛው ሰማይ የሚያስተካክለው መሬት ላይ ያለው ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ አንድ አውሮፕላን መጀመሪያ ሲደውል አብራሪው በቃሉ የሚናገረውና ስክሪኑ የሚያሳየው ይመሳከራል። ልዩነቱ ከ300 ጫማ፣ በላይኛው ሰማይ ደግሞ ከ200 ጫማ መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ያ ቁጥር ለመለየት ሥራ አይታመንም። ይህቺን ማመሳከር ቀላል አድርጋችሁ አትዩዋት፤ በኋላ ትመጣለች።

ሁለተኛው ነጥብ፦ ለምን በከፍታ?

ከተከፈለው ሰማይ አንዱ ቁራጭ ሴክተር ይባላል። አንድ ሴክተር ማለት አንድ የሬዲዮ ሞገድና እሱን የያዙ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ከአብራሪዎች ጋር ይነጋገራል፤ ሌላው ያቅዳል፣ ከጎረቤት ሴክተሮች ጋር ይስማማል። በአንድ ሞገድ ላይ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። እያንዳንዱ አውሮፕላን ደግሞ ሲገባ ይደውላል፣ ትእዛዝ ይቀበላል፣ ትእዛዙን መልሶ ይደግማል፣ ሲወጣ ይሸኛል። አውሮፕላኑ ሲበዛ መጀመሪያ የሚሞላው ሰማዩ አይደለም፤ ሞገዱና የሰውየው ጭንቅላት ነው። ያኔ ሴክተሩ ይከፈላል።

ታዲያ እንደ መሬት ጎን ለጎን ለምን አንከፍለውም? እንከፍላለን፤ ግን ገደብ አለው። አንድ ጄት በ480 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 480 ኖቲካል ማይል (የባሕር ማይል)፣ ሲበር በደቂቃ 8 ማይል ይሄዳል። 160 ማይል ርዝመት ያለው ሴክተር ውስጥ 20 ደቂቃ ይቆያል። ሴክተሩን ለሁለት ብትቆርጡት 10 ደቂቃ፣ እንደገና ብትቆርጡት 5 ደቂቃ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ተቆጣጣሪው ምን ይሠራል? እንኳን ደህና መጣህ፣ ደህና ሁን። አንድን አውሮፕላን አዙሮ ከሌላው ጀርባ ለማሳለፍ እንኳ ቦታ አይኖረውም፤ ዞሮ ሳይመለስ የጎረቤት አጥር ውስጥ ይገባል። ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት ጄቶች ደግሞ በደቂቃ 16 ማይል ነው የሚቀራረቡት። 40 ማይል ርቀት ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። ሰማዩ ሰፊ ነው የምንለው ከመሬት ሆነን ስናየው ነው!

በከፍታ ስትቆርጡት ግን ርዝመቱ አይነካም። 160 ማይሉ 160 ማይል ሆኖ ይቀራል፤ ሥራው ብቻ ለሁለት ይከፈላል። ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የበረራው ጠባይ ነው። ታች የሚነሱና የሚያርፉ፣ ከፍታና ፍጥነት የሚቀያይሩ፣ በጄቶቹ ግማሽ ፍጥነት የሚሄዱ ባለ ማራገቢያ አውሮፕላኖችም አሉ። ላይ አብዛኛው ቀጥ ብሎ የሚበር ነው። የተለያየ ጠባይ ያለውን ሥራ ለተለያየ ሰው መስጠት ያቃልላል።

ሦስተኛው ሬዲዮው ነው። ሞገዱ እንደ ዓይን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ የምድር ክብነት ይጋርደዋል። 35 ሺህ ጫማ ላይ ያለ አውሮፕላን እስከ 230 ማይል ገደማ ይሰማል፤ 3,000 ጫማ ላይ ያለው 67 ማይል ገደማ ብቻ። የታችኛው ሴክተር ብዙ አንቴና፣ የላይኛው ጥቂት አንቴና ያስፈልገዋል። በሌላ በኩል የላይኛው ሴክተር ሞገድ ሩቅ ስለሚሰማ ያንኑ ቁጥር ለሌላ ሴክተር ለመስጠት በጣም መራቅ ያስፈልጋል።

በከፍታ መክፈል የማይረዳበት ቦታም አለ፤ መናገር አለብኝ። አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ሁሉም ወይ እየወጣ ወይ እየወረደ ነው። እዚያ ደርብ ብታበዙ አንዱ አውሮፕላን በ10 ደቂቃ ውስጥ አራት ሰው ጋ ይደርሳል፣ አራት ጊዜ ርክክብ ይደረግበታል። እዚያ የሚሻለው በአቅጣጫ መክፈል ነው፦ የሚመጡትን ለአንዱ፣ የሚነሱትን ለሌላው።

አንድ ነገር ላስተካክልና ልለፍ። ከ«ኤ» እስከ «ጂ» ድረስ ያሉት የአየር ክልል ደረጃዎች ከሴክተር ጋር ይምታታሉ። ደረጃው የሚናገረው ማን መብረር እንደሚችልና ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሚያገኝ ነው። ሴክተሩ የሚናገረው ተቆጣጣሪው ማን እንደሆነ ነው። በአንድ ደረጃ ውስጥ ብዙ ሴክተር ሊኖር ይችላል።

ሦስተኛው ነጥብ፦ የት ላይ ይቆረጣል?

እስቲ ልጠይቃችሁ። የቤልጅየምን፣ የኔዘርላንድን፣ የሉክሰምበርግንና የሰሜን ምዕራብ ጀርመንን የላይኛ ሰማይ የሚቆጣጠረው የማስትሪክት ማእከል ሥራው የሚጀምረው ከሌቭል 245 ነው። ለምን 245? ለምን ድፍኑን 240 ወይም 250 አላደረጉትም?

አውሮፕላኖች ተረጋግተው የሚበሩት በድፍን ሺህ ላይ ነው፦ 240፣ 250፣ 260። ወሰኑን 240 ላይ ብታደርጉት 240 ላይ የሚበረው የማን ነው? የታችኛው «የኔ አይደለም»፣ የላይኛውም «የኔ አይደለም» ሊል ይችላል። ወይም ሁለቱም «የኔ ነው» ብለው የተለያየ ትእዛዝ ሊሰጡት ይችላሉ። 245 ላይ ግን ማንም አይበርም። ሁሉም ወይ ከላይ ወይ ከታች ነው። 240 ያለው ያለ ጥርጥር የታችኛው፣ 250 ያለው ያለ ጥርጥር የላይኛው። በመካከላቸውም ሙሉ 1,000 ጫማ አለ፤ ሁለቱ ተቆጣጣሪዎች ሳይነጋገሩ እንኳ አውሮፕላኖቻቸው የተለዩ ናቸው። አምስቷ መቶ ጫማ ይህን ሁሉ ትሠራለች። በዚህ ሙያ ውስጥ ከማደንቃቸው ነገሮች አንዷ ናት።

አሁን አንድ ታሪክ ያስፈልጋል። ከሌቭል 290 በላይ ለብዙ ዘመን መለያው 1,000 ሳይሆን 2,000 ጫማ ነበር። ለምን ቢባል ላይ አየሩ ስስ ነው። ታች 1 ሄክቶፓስካል 27 ጫማ ነው ብያችኋለሁ፤ ሌቭል 350 ላይ ያቺው 1 ሄክቶፓስካል 88 ጫማ ገደማ ትሆናለች። መሣሪያው በግፊት ላይ የሚሠራው ጥቃቅን ስሕተት እላይ ሲደርስ በጫማ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከ290 እስከ 410 ድረስ ሰባት ሌቭል ብቻ ነበር፦ 290፣ 310፣ 330፣ 350፣ 370፣ 390፣ 410።

መሣሪያው ሲሻሻል መለያው በግማሽ ተቀነሰ፤ ሰባቱ ሌቭሎች አሥራ ሦስት ሆኑ። ሥራው የተጀመረው በሰሜን አትላንቲክ ላይ እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ አውሮፓ በጥር 2002፣ ሰሜን አሜሪካ በጥር 2005፣ አፍሪካ በመስከረም 2008 ገቡበት። አውሮፕላኑ ግን እንዲሁ አይገባም። ሁለት ራሳቸውን የቻሉ የከፍታ መለኪያዎች፣ ከፍታውን በራሱ የሚጠብቅ አውቶፓይለት፣ ከተሰጠው ከፍታ ሲወጣ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ፣ ከፍታ የሚልክ ትራንስፖንደር ይጠየቃል። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» የሚባለው እዚህ ሕግ ሆኗል። ሁለቱ መለኪያዎች በ200 ጫማ ውስጥ ካልተስማሙ አብራሪው ለተቆጣጣሪው የመናገር ግዴታ አለበት፤ ተቆጣጣሪውም ወደ 2,000 ጫማ መለያ ይመለሳል።

አቅጣጫም አለው። በተለመደው አሠራር ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ጎዶሎ ሺህ፣ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ሙሉ ሺህ ይይዛል፦ 350 እና 370 ወደ ምሥራቅ፣ 340 እና 360 ወደ ምዕራብ። ይህ ፊት ለፊት የሚመጡትን ይለያል። ከኋላ የሚደርሰውንና የሚያቋርጠውን ግን አይለይም፤ እሱ የተቆጣጣሪው ሥራ ነው።

የሌቭሎቹ መብዛት የመቁረጫ ቦታም ሰጠን። ችግሩ አውሮፕላኖቹ ሌቭሎቹን እኩል አይጠቀሙባቸውም። ጄት ነዳጅ የሚቆጥብለት የተወሰነ ከፍታ አለ፤ ብዙዎቹ ከ330 እስከ 390 ባለው ውስጥ ይጨናነቃሉ። ስለዚህ የላይኛው ሰማይ ሲቆረጥ ውፍረቱ እኩል አይሆንም። ከ245 እስከ 335 አንድ ሴክተር፣ ከ335 እስከ 355 አንድ፣ ከ355 እስከ 375 አንድ፣ ከዚያ በላይ ያለው በሙሉ አንድ ሊሆን ይችላል። አያችሁ? የመካከለኞቹ ድርሻ ሁለት ሁለት ሌቭል ብቻ ነው! ወሰኑም ቋሚ አይደለም። ጠዋት ብዙው ሲወጣ አንድ ቦታ፣ ከሰዓት ሌላ ቦታ ይደረጋል፤ ሌሊት ሁሉም ተዋህዶ አንድ ሴክተር ይሆናል።

ማዋሃዱም አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2002 ሌሊት በደቡብ ጀርመን ዩበርሊንገን ሰማይ ላይ ሁለት አውሮፕላኖች ሲጋጩ 71 ሰው ሞቷል። በዚያ ሰዓት አንድ ተቆጣጣሪ ብቻውን ሁለት ስክሪን፣ ሁለት ሞገድ ይዞ ነበር፤ አንዱ ስክሪን ላይ ወደ ማረፊያ የሚወርድ አውሮፕላን ሲያስተናግድ ሌላው ላይ ሁለቱ በሌቭል 360 እየተቀራረቡ ነበር። ወሰን ሲበዛ ርክክብ ይበዛል፤ ወሰን ሲያንስ አንድ ሰው ላይ ይከማቻል። ሁለቱን ማመዛዘን የፈረቃ ኃላፊው ሥራ ነው።

አራተኛው ነጥብ፦ ርክክቡ

አሁን ወደዚያች ደቂቃ መጣን። ቀረብ ብለን እንያት።

ስክሪኑ ላይ አውሮፕላኑ ትንሽ ምልክት ነው፤ ከጎኑ ሦስት መስመር የማይሞላ ጽሑፍ ተንጠልጥሏል። የመጀመሪያው መስመር የጥሪ ስሙ ነው። ከሥሩ 218 የሚል ቁጥር፣ ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት፣ ከዚያ 240። አሁን 21,800 ጫማ እያለፈ ነው፣ እየወጣ ነው፣ የተፈቀደለት እስከ 240 ነው ማለት ነው። ቀጥሎ 350 የሚል አለ፤ መድረስ የሚፈልገው እዚያ ነው። ወሰኑ 245 ነው። በደቂቃ 2,000 ጫማ የሚወጣ ከሆነ 240 ለመድረስ የቀረው አንድ ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የላይኛው ካልተቀበለው አውሮፕላኑ 240 ላይ ይቆማል። ደንቡ ይኸው ነው፤ ያልተቀበለህ ቤት አይገባም።

ርክክቡ ግን የተጀመረው ከዚህ በጣም ቀደም ብሎ ነው። ደቂቃዎች አስቀድሞ ኮምፒውተሩ ለላይኛው ሴክተር «ይህ አውሮፕላን በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ነጥብ፣ በዚህ ሌቭል ይመጣል» ብሎ ልኳል። የላይኛው አቃጅ ያየዋል። በዚያ ሌቭል፣ በዚያ ሰዓት ሌላ አለ? ከሌለ ይቀበላል። ካለ ሌላ ሌቭል ያቀርባል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው የአቃጁ ሥራ ነው፤ ግጭቱን የሚፈታው በወረቀት ላይ ሳለ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ አስረካቢው አውሮፕላኑን ከራሱ ሌሎች በረራዎች ለይቶ፣ አጽድቶ ማዘጋጀት ነው። ያልተፈታ ችግር ተሸክሞ አይላክም። ሦስተኛው፣ የአውሮፕላኑ ጽሑፍ በተረካቢው ስክሪን ላይ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ተረካቢው ነክቶ ይቀበላል። አራተኛው፣ አስረካቢው አብራሪውን ወደ አዲሱ ሞገድ ይሸኘዋል፤ አብራሪው ቁጥሩን መልሶ ይደግማል። አምስተኛው፣ አብራሪው አዲሱ ሞገድ ላይ ገብቶ የጥሪ ስሙን፣ የሚያልፈውን ሌቭልና የተፈቀደለትን ሌቭል ይናገራል። ቅድም ማመሳከር ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው። በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሦስት ነገር ይፈተሻል፦ ሰውየው እሱ መሆኑ፣ መሣሪያው ትክክል መሆኑ፣ የተረዳው ትእዛዝ የተሰጠው ትእዛዝ መሆኑ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሬዲዮው ከተላለፈ በኋላም አውሮፕላኑ ወሰኑን እስኪያልፍ ድረስ በአስረካቢው ሰማይ ውስጥ ነው። ተረካቢው እያናገረው ነው፤ ነገር ግን አስረካቢው «ለቅቄዋለሁ» ካላለ በቀር ሊያዞረው፣ ከፍ ዝቅ ሊያደርገው አይችልም። በድምፅ የሚያዘው አንድ፣ ሰማዩ የሌላው! ትንሽ ጊዜ ናት፤ ብዙ ስሕተት ያለው እዚያች ጊዜ ውስጥ ነው።

ቁልቁለቱ ደግሞ ይብሳል። 350 ላይ ያለ አውሮፕላን ወሰኑ ጋ ሲደርስ 250 ላይ እንዲሆን ስምምነት አለ እንበል። 10 ሺህ ጫማ መውረድ አለበት። በልማድ ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ 3 ማይል ይያዛል፤ 30 ማይል ቀደም ብሎ መጀመር አለበት ማለት ነው፣ ወደ አራት ደቂቃ። ሞገዱ በንግግር ተይዞ ትእዛዙ ሁለት ደቂቃ ቢዘገይ ምን ይሆናል? የቀረው ሁለት ደቂቃ ነው፤ በደቂቃ 5,000 ጫማ ውረድ አይባልም። ያኔ ተቆጣጣሪው ስልኩን ማንሳት አለበት፦ «ከፍ ብሎ ይመጣብሃል፣ ትቀበላለህ?» ማንሳት እንጂ ማፈር አያስፈልግም። ያልተነገረለት አውሮፕላን የሌላ ሰው ሴክተር ውስጥ ይገባል፤ ያ ሰው አልጠበቀውም።

ሽቅብም እንዲሁ። ሙቀት ሲሆንና አውሮፕላኑ ሲከብድ አወጣጡ ይደክማል። ዕቅዱ ከላይኛው ደርብ ወደ ጎረቤት ላይኛ ደርብ ያሳልፈዋል ይላል፤ እሱ ግን በደቂቃ 500 ጫማ እየተንፏቀቀ የጎረቤቱን የታችኛ ደርብ ጥግ ይነካል። ለማይመለከተው ሰው ተነግሯል፤ የሚመለከተው አልተነገረውም። የደርቦቹ ማእዘን ከሁሉም ይበልጥ ትኩረት የሚፈልገው ለዚህ ነው።

ቃልም ይገድላል። በእንግሊዝኛ «ሁለት» የሚለው ቁጥርና «ወደ» የሚለው ቃል አፍ ላይ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «ቱ» ናቸው። እ.ኤ.አ. የካቲት 19 ቀን 1989 ኳላ ላምፑር ሊያርፍ የቀረበ የጭነት ቦይንግ 747 «ውረድ፣ ቱ ፎር ዜሮ ዜሮ» ተባለ፤ 2,400 ጫማ ለማለት ነበር። አብራሪዎቹ የሰሙት «ወደ 400» ነው። «ፎር ዜሮ ዜሮ» ብለው መለሱ። ማንም አላረማቸውም። ኮረብታ ላይ ወድቀው አራቱም ሞቱ። ተመላሹ ቃል ለሥርዓት አይደለም የሚደገመው! ተቆጣጣሪው ሊያዳምጠው ነው የሚደገመው።

አሁን የዛግሬብን፣ የዛሬዋን የክሮኤሺያ ዋና ከተማ ታሪክ ልንገራችሁ። በእኔ አመለካከት ስለ ከፍታ ሴክተር የሚያስተምር ሰው ሁሉ ከዚህ መጀመር አለበት።

እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1976 ነው። የዛግሬብ ሰማይ በሦስት ደርብ ተከፍሏል፦ የታችኛው እስከ 250፣ የመካከለኛው ከ250 እስከ 310፣ የላይኛው ከ310 በላይ። ከለንደን ወደ ኢስታንቡል የሚሄድ ትራይደንት የሚባል የመንገደኛ ጄት በሌቭል 330 በላይኛው ውስጥ እየመጣ ነው። ከስፕሊት ወደ ኮሎኝ የሚሄድ ዲሲ-9 የሚባል ሌላ ጄት በመካከለኛው 260 ላይ ነው፤ ከፍ ማለት ፈለገ። 330 ተይዟል፤ 350 ተሰጠው። ወደ 350 ለመድረስ ግን 330ን ማቋረጥ አለበት። ገባችሁ?

የላይኛው ተቆጣጣሪ በዚያ ሰዓት ብቻውን ነበር፤ አጠገቡ ረዳት አልነበረውም፤ አውሮፕላኖቹ ብዙ ነበሩ። ዲሲ-9ኙ የላይኛውን ሞገድ ሲያገኝ ወሰኑን ካለፈ ቆይቷል፤ 325 እያለፈ ነበር። ስንት ላይ ነህ ተባለ፤ 327 አለ። ተቆጣጣሪው ደንግጦ ከእንግሊዝኛ ወደ አገሩ ቋንቋ ተመለሰና ባለህበት ከፍታ ቆይ አለው። በስክሪኑ ላይ ትራይደንቱ 335 ላይ ይታይ ነበር፤ እውነቱ ግን 330 ነው። ዲሲ-9ኙ ትእዛዙን አክብሮ መውጣቱን አቆመ። ያቆመበት ከፍታ 330 ነበር። ከመጀመሪያው ጥሪ እስከ ግጭቱ አንድ ደቂቃ አልሞላም። በሁለቱ አውሮፕላኖች የነበሩት 176 ሰዎች በሙሉ አለቁ።

ባይቆም ኖሮስ? እያልን ለዘላለም ልንጠይቅ እንችላለን። እኔ የምጠይቀው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። አውሮፕላኑ 310ን ሲያልፍ ተቀባዩ ያውቅ ነበር? ሞገዱ የተላለፈው ከወሰኑ በፊት ነበር ወይስ በኋላ? እንግሊዞቹ አብራሪዎች የመጨረሻዋን ንግግር ሰምተው ሊረዱት ይችሉ ነበር? ስክሪኑ ላይ ያለው 335 ከአብራሪው ቃል ጋር ተመሳክሮ ነበር? አምስቱን የርክክብ ደረጃዎች አንድ በአንድ ሂዱባቸው፤ ሁሉም ተሸርሽረው ታገኟቸዋላችሁ። ፍርድ ቤቱ ግን ከተከሰሱት ሁሉ ጥፋተኛ ያለው ያንን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ 7 ዓመት ፈረደበት። የሙያ ባልደረቦቹ አቤቱታ ካቀረቡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1978 ተፈታ። አንድ ሰው የያዘው ወሰን አልነበረም፤ የብዙ ሰው ወሰን ነበር።

ዛሬ ስክሪኑ ከራሱ ደርብ በላይና በታች ጥቂት ሺህ ጫማ ጨምሮ ያሳያል፤ ሁለት አውሮፕላኖች በሁለት ደቂቃ ገደማ ውስጥ የሚቀራረቡ ከሆነ ይጮኻል። አውሮፕላኑ ውስጥም ሌላ አውሮፕላን ሲቀርብ አብራሪውን የሚያስጠነቅቅና ውጣ ወይም ውረድ የሚለው፣ ቲካስ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ቲካስ «ውጣ» ካለና ተቆጣጣሪው «ውረድ» ካለ አብራሪው የሚከተለው ቲካስን ነው። የተፈቀደለት ሌቭል ላይ ለመድረስ 1,000 ጫማ የቀረው አውሮፕላን አወጣጡን ከ1,500 ጫማ በደቂቃ በታች እንዲያደርግ ይመከራል፤ አለዚያ ከላይ ያለውን ሳይነካው ቲካሱን ያስጮኸዋል።

አንድ ጊዜ ብቻ ደርቦቹ በሙሉ ይፈርሳሉ። 370 ላይ ያለ አውሮፕላን የውስጥ አየሩ ካመለጠው አብራሪው ጭምብሉን አድርጎ ወደ 10 ሺህ ጫማ ይወርዳል፤ በደቂቃ 6,000 ጫማ ቢወርድ አራት ደቂቃ ተኩል ነው። ፈቃድ አይጠይቅም፤ ጊዜ የለውም። ትራንስፖንደሩ ላይ 7700 ይሞላል፤ ያ ቁጥር ከፍታው ምንም ይሁን በሁሉም ሴክተር ስክሪን ላይ ይወጣል። መጀመሪያ ያየው ተቆጣጣሪ ሥራው ሁለት ነው፦ ከሥሩ ያሉትን የራሱን አውሮፕላኖች ማዞር፣ አቃጁ ደግሞ ከታች ላሉት ሴክተሮች በሙሉ ወዲያው መደወል። አብራሪውን በጥያቄ አያስጨንቀውም፤ ሲችል ይናገራል።

ከመቀመጤ በፊት አንድ ነገር። ስትሳፈሩ አውሮፕላኑ ሽቅብ እየወጣ ሳለ ድንገት ሞተሩ ድምፁ ዝቅ ይልና ለአንድ ሁለት ደቂቃ ቀጥ ብሎ ይበራል፤ ከዚያ እንደገና ይወጣል። ብዙ ተሳፋሪ ይደነግጣል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው፦ ታች ያለው ተቆጣጣሪ እስከ 240 ፈቅዷል፣ ላይ ያለው ደግሞ ከላይ የሚያልፍ አለበትና እስኪያሳልፈው ገና አልተቀበላችሁም።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።